የሜዳ ቴኒስ ወይስ የጠረጴዛ ቴኒስ? ከሕብለ ሰረሰር ጉዳት በኋላ ለማገገም ስፖርት ሲመርጡ

ከሆስፒታል ሲወጡ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ ግልጽነት የሚጎድለው «ስፖርት ይጀምሩ» የሚለው ነው። የትኛውን ስፖርት? የት? በየትኛው ዊልቸር? ይህ መመሪያ በሕብለ ሰረሰር ጉዳት ምክንያት ዊልቸር መጠቀም ለጀመሩ፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባለው የከተማው እምብርት ለሚኖሩ ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው የተዘጋጀ ነው። በዋናነት የማወዳድረው የዊልቸር ሜዳ ቴኒስን ከጠረጴዛ ቴኒስ ጋር ነው። ቅርጫት ኳስንና ፍልውሃን በአጭሩ እነካቸዋለሁ፤ ሁለቱንም ሰው ደጋግሞ ስለሚጠይቅ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ስፖርቱን ስለወደዱት ብቻ አይምረጡት። በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ሰው ሳይረዳዎት ሊሠሩት የሚፈልጉትን አንድ የዕለት ሥራ ይምረጡ፤ ስፖርቱ ከዚያ ይከተላል።

መጀመሪያ ሥራው

ኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም የዕለት ሥራን ራስን ችሎ ለመሥራት የሚያግዝ ሕክምና፣ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ፊዚዮቴራፒስቱ ክንድዎ ምን ያህል እንደጠነከረ ሲለካ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ዛሬ ሸሚዝዎን ማን እንደቆለፈልዎት ይጠይቃል። ሙያው በአገራችን ገና ጀማሪ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ማስተማር ጀምሯል፤ ባለሙያዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚያነሳልዎት አብዛኛውን ጊዜ ፊዚዮቴራፒስትዎ ነው፤ እሱም ካላነሳው ራስዎ ያንሱት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ደብተር ላይ ሦስት ሥራዎች ይጻፉ። ለምሳሌ ከዊልቸር ወደ ቪትዝ የፊት ወንበር መሻገር፣ ከረከቦቱ ፊት ተቀምጦ ቡና መቅዳት፣ ሱቅ ውስጥ ከጎን መደርደሪያ ዕቃ ማውረድ። ለእያንዳንዱ ሥራ ከ1 እስከ 10 ሁለት ነጥብ ይስጡ፤ አንዱ ሥራውን ምን ያህል እንደሚችሉት፣ ሌላው በአሠራሩ ምን ያህል እንደረኩ። በካናዳ ተዘጋጅቶ በብዙ አገር ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች የሚጠቀሙበት መለኪያም በመሠረቱ ይኸው ነው። በየስድስት ሳምንቱ ነጥቡን ይከልሱ። ስፖርቱ እየተሻሻለ ነጥቡ ካልተነቃነቀ፣ ጥሩ መዝናኛ አግኝተዋል ማለት ነው፤ ምንም ክፋት የለውም፣ ግን ሕክምና ብለው አይቁጠሩት።

አሁን ሦስቱን ሥራዎች ከስፖርቶቹ ጋር እናገናኛቸው። መኪና ውስጥ ለመግባት የሚያስፈልገው ክንድን ዘርግቶ የራስን ክብደት ማንሳትና ወገብን ወደፊት ማዘንበል ነው። የሜዳ ቴኒስ በስፖርት ዊልቸር ከተጫወቱ በእያንዳንዱ ልምምድ ሁለት ጊዜ፣ ሲጀምሩና ሲጨርሱ፣ ከወንበር ወደ ወንበር ይሻገራሉ። ከጨዋታው ይልቅ ይህ መሻገር ለብዙ ሰው ትልቁ ትርፍ ነው፤ አስታማሚው አንስቶ ካስቀመጠዎት ግን ትርፉ ቀረ። ቡና ለመቅዳት በአንድ እጅ ጀበና ይዞ ሳይወድቁ ወደፊትና ወደ ጎን መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ጠረጴዛ ቴኒስ የተሻለ ነው። ምክንያቱም ወንበሩ ብዙም ሳይንቀሳቀስ ግንድ አካልዎ በሁሉም አቅጣጫ እየተዘረጋ ይመለሳል። ሱቅ ውስጥ መሥራት ማለት ደግሞ አንድ እጅ ዕቃ እንደያዘ በሌላው ጎማ ማዞር ነው፤ እዚህ ላይ ሜዳ ቴኒስን የሚያህል ልምምድ አላውቅም።

ጉዳቱ የት ደረጃ ላይ ነው?

ከወገብና ከታችኛው ጀርባ የተጎዳ ሰው እጁም የላይኛው አካሉም ስለሚታዘዝለት ምርጫው ሰፊ ነው። ጉዳቱ ከ6ኛው የደረት አከርካሪ አጥንት ከፍ ካለ የሆድና የጀርባ ጡንቻ አያግዝም። ስለዚህ ሰፊ ቀበቶ ከደረት ወይም ከወገብ ላይ ማሰር ግዴታ ነው፤ ሲመቱም ነፃው እጅ ጎማውን ወይም የወንበሩን ጎን እንደያዘ ይቆያል። ይህን እንደ ድክመት የሚያዩ አሰልጣኞች አሉ። ትክክለኛው ዘዴ ግን ይኸው ነው።

የአንገት ጉዳት ሌላ ታሪክ ነው። ሲ5 (5ኛው የአንገት ደረጃ) ላይ የተጎዳ ሰው ክርኑን ያጥፋል እንጂ በኃይል አይዘረጋም። ሲ6 ላይ የእጅ አንጓን ወደ ላይ ማንሳት ይቻላል፤ አንጓው ሲነሳ ጣቶቹ ባይታዘዙም በጅማታቸው መወጠር ብቻ ይሰበሰባሉ። ማንኪያም፣ ስልክም፣ ሲኒም የሚያዘው በዚህ ጭበጣ ነው። እዚህ ላይ ለአስታማሚዎች አንድ ቃል፦ አንጓውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጣቶቹን አብራችሁ ወደ ኋላ አትዘርጉ። እናቶች ከፍቅር ብዛት ሲያፍታቱ ያችን ጠቃሚ ውጥረት ያላሏታል፤ ከላላች በኋላ ደግሞ አትመለስም።

ራኬት መያዝ ካልቻሉ በላስቲክ ፋሻ ከእጅ ጋር ይታሰራል። በዓለም አቀፍ ውድድርም ከሁለት እጅና ከሁለት እግራቸው ቢያንስ ሦስቱ የተጎዱባቸው ተጫዋቾች የሚወዳደሩበት «ኳድ» የሚባል ምድብ አለ፤ ራኬት ማሰርም፣ እጅ ጎማ መግፋት ካልቻለ በባትሪ የሚሄድ ዊልቸር መጠቀምም ይፈቀድለታል። ኳድ ከ2004ቱ የአቴንስ ፓራሊምፒክ ጀምሮ የሜዳሊያ ውድድር ነው። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ራኬቱ ሲታሰር የሚጨብጠው ፋሻው እንጂ ጣትዎ አይደለም። ግብዎ ማንኪያ መያዝ ከሆነ ቴኒሱ ትከሻንና ክርንን ይሠራል፣ እጅን ግን አይሠራም። እጅ የሚሠራው ኳስ ሲለቅሙ ነው። ቅርጫቱን ጭንዎ ላይ አድርገው ኳሶቹን አንድ በአንድ በአንጓ ጭበጣ አንስተው ለአሰልጣኙ ይወርውሩ። ጨዋታውን ለማፋጠን ኳስ የሚለቅሙልዎት ልጆች ሳያውቁት ሕክምናውን ይወስዱብዎታል።

በዚህ ረገድ ጠረጴዛ ቴኒስ ቀለል ይላል። የመቺያው ክብደት ከሜዳ ቴኒስ ራኬት በብዙ ያንሳል፤ እጀታውም አጭር ስለሆነ በደካማ አንጓ ላይ የሚያርፈው ጫና ትንሽ ነው። ለሲ5 እና ሲ6 ጉዳት በዚህ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

የሜዳ ቴኒስ፦ ምን ይሰጣል፣ ምን ይጠይቃል

የዊልቸር ቴኒስ በ1976 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ የተጀመረ ነው። ጀማሪው ብራድ ፓርክስ የሚባል በበረዶ መንሸራተት አደጋ የተጎዳ ወጣት ነበር። ሜዳው፣ መረቡ፣ ራኬቱና ኳሱ ከሌላው ቴኒስ አይለይም። ዋናው ልዩነት ኳሷ ሁለት ጊዜ እንድትነጥር መፈቀዱ ነው፤ የመጀመሪያው ንጥረት ሜዳው ውስጥ ይሁን እንጂ ሁለተኛው ከመስመር ውጭ ቢሆንም ይቆጠራል።

ይህች ትንሽ ደንብ የምታመጣው ነገር ብዙ ነው። ወንድምዎ ቆሞ በአንድ ንጥረት፣ እርስዎ ተቀምጠው በሁለት ንጥረት በአንድ ሜዳ መጫወት ትችላላችሁ። ለቅርጫት ኳስ ዊልቸር ያላቸው ብዙ ሰዎች መሰብሰብ አለባቸው፤ ለቴኒስ አንድ ጎረቤት ይበቃል። ጉዳት ከደረሰብዎት በኋላ ከጓደኞችዎ ጋር «ጠያቂና ተጠያቂ» ሆናችሁ ከቀራችሁ፣ ይህ ከጡንቻም በላይ ሊያሳስብ ይገባል።

ወደ ችግሩ ስንመጣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል፣ ከፍ ብሎም ይነጥራል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ አለው። ጀማሪ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ተራውን ኳስ በሙሉ ሜዳ ሲያሳድድ ውሎ ተስፋ የሚቆርጠው ችሎታ አንሶት ብቻ አይደለም። መፍትሔው የልጆች ማሠልጠኛ ኳስ ነው፦ ቀዩ ከተራው በ75 ከመቶ፣ ብርቱካናማው በ50 ከመቶ፣ አረንጓዴው በ25 ከመቶ ይዘገያል። በቀዩ ኳስ ይጀምሩ፤ የሚጫወቱትም ከመረቡ እስከ ሰርቭ (የጨዋታ መክፈቻ ምት) መስመር ባለው ሜዳ ብቻ ይሁን። ቀይ ኳስ ካልተገኘ ያረጀ፣ አየሩ የወጣ ኳስም ያገለግላል። አሰልጣኙ «ይሄ የሕፃናት ነው» ቢል አይፈሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ ወንበሩ ነው። የስፖርት ዊልቸር ጎማዎቹ ከታች ሰፍተው ከላይ ይጠባሉ፤ በፍጥነት ይዞራል፣ በቀላሉም ወደ ጎን አይገለበጥም። ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ከባድ ነው። ከታች ስለሚሰፋም በብዙ የኮንዶሚኒየምና የቀበሌ ቤት በር አያልፍም። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አይግዙ። የዕለት ወንበርዎ የእጅ መደገፊያው የሚነቀል ከሆነ ይንቀሉት፤ ካልተነቀለ ምቱን ይዘጋብዎታል። ወደ ኋላ እንዳይገለብጥ ከኋላ በኩል ትንንሽ ጎማ የሚገጥም ብየዳ ቤት ያፈላልጉ። ጎማዎን ጎሚስታ ጋ ወስደው ይንፉ፤ ግማሽ የሞላ ጎማ ትከሻን ይበላል። በትንሿ ሜዳ ለሚደረግ ልምምድ ይህ ይበቃል።

የወለሉም ዓይነት ይለያል። ሲሚንቶ ወይም ጠንካራ ወለል ላይ ዊልቸር በቀላሉ ይሄዳል፤ በቀይ አፈር ሜዳ ላይ ግን፣ በተለይ ውሃ ሲጠጣ፣ መግፋቱ በእጥፍ ይከብዳል። በመሀል ከተማ የቴኒስ ሜዳ ካላቸው መካከል ሂልተን ሆቴልና ጁቬንቱስ ክለብ ይገኙበታል። የትም ቢሄዱ ስለ ክፍያ ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ወለሉ ይጠይቁ።

የጠረጴዛ ቴኒስ

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሩ ሲጎዳ የተላከው እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነበር። ስፖርትን የሕብለ ሰረሰር ሕክምና አካል ያደረጉት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1948 የመጀመሪያውን የዊልቸር ውድድር ያዘጋጁት እዚያ ነው። አበበም እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሯል። ሁለት ጊዜ ማራቶን ያሸነፈ ሰው ጠረጴዛ ቴኒስን አልናቀም፤ «ይሄማ የልጆች ጨዋታ ነው» ለሚሉ ዘመዶች ይህን ይንገሯቸው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቤት ውስጥ ስለሆነ ክረምትና በጋ አይለይም። ጠረጴዛው 76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው የአብዛኛው ሰው ጉልበት ከሥሩ ይገባል፤ ሆኖም እግሮቹ ጠርዝ ላይ ያሉ ጠረጴዛዎች ዊልቸርን ያግዳሉ፤ የጠረጴዛው እግር ከጫፉ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ገባ ያለ ይሁን። የስፖርት ዊልቸር አያስፈልግም። በየወጣት ማዕከሉ ጠረጴዛ አይጠፋም፤ አራት ኪሎ ያለው የስፖርት ማሠልጠኛ ማዕከልም ለመሀል ከተማ ሰው ቅርብ ነው።

ድክመቱ ልብን አለማሠራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕብለ ሰረሰር ጉዳት መመሪያ ለአካል ብቃት ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 20 ደቂቃ፣ ትንፋሽን በሚያፈጥን ደረጃ መንቀሳቀስን ይመክራል፤ በዚያ ላይ ጡንቻ ማጠንከሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጨመራል። ለልብና ለስኳር ጤንነት ደግሞ 30 ደቂቃ በሳምንት ሦስት ጊዜ። ጀማሪ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫውቶ እዚህ ደረጃ አይደርስም፤ ትንፋሹ ሳይለወጥ ሰዓቱ ያልቃል። ሜዳ ቴኒስ፣ በትንሿ ሜዳም ቢሆን፣ ያደርሳል። ጠረጴዛ ቴኒስን ከመረጡ ከቤትዎ በቅርብ ባለው አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ዊልቸር መግፋትን ይጨምሩበት። የኮሪደር ልማቱ ለአራት ኪሎና ለፒያሳ አካባቢ ዊልቸር ተጠቃሚ ካመጣቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ቁልቁለቱን ግን፣ በተለይ የቸርችል ጎዳናን፣ ብቻዎን አይሞክሩት።

ቅርጫት ኳስና ፍልውሃ በአጭሩ

ቅርጫት ኳስ ለወጣትና ለጠንካራ ትከሻ ነው። የቡድን መንፈሱን የሚተካ የለም፤ ከሌላ ተጎጂ ስለ ካቴተር (ሽንት ማስወጫ ቱቦ)፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ ሐኪም የማይነግርዎትን የሚሰሙት እዚያ ነው። ነገር ግን ቅርጫቱ ለዊልቸርም ያው 3.05 ሜትር ላይ ነው፤ ግጭትና መገልበጥም አለ። ጉዳቱ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ወይም የእግር አጥንትዎ እየሳሳ እንደሆነ ከተነገረዎት ይቆይ።

ፍልውሃ ያዝናናል፣ ጡንቻን ያፍታታል፤ ስሜት የሌለው ቆዳ ግን መቃጠሉን አይነግርዎትም። ሙቀቱን ስሜት ባለው የክንድዎ ቆዳ ወይም በአስታማሚ እጅ ሳያስለኩ አይግቡ፤ ቁስል ካለ ጭራሹን አይግቡ። ልምምድን ግን አይተካም።

ቦታውን ሲያጣሩ

ስልክ ደውለው «ዊልቸር ይገባል?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «ችግር የለም፣ እንሸከማለን» ነው። ደግ መልስ ነው፤ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ በጥበቃ ትከሻ የሚገባ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል። ይልቅ በሩ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሰፋ፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሜዳው ስንት ደረጃ እንዳለ፣ መጸዳጃ ቤቱ የመቀመጫ ይሁን የቁጢጥ ይጠይቁ፤ የሚቻል ከሆነ አንድ ሰው ሄዶ ፎቶ ያንሳ።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚያበላሸው መጸዳጃው ላይ ነው። መጸዳጃ ስለሌለ ከልምምድ ቀን ጠዋት ጀምሮ ውሃ የማይጠጡ አሉ። ይህ ለኩላሊትና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መንገድ ይከፍታል። ከቤት ሲወጡ ካቴተር ተጠቅመው ፊኛዎን ባዶ ያድርጉ፣ ልምምዱን ከቀጣዩ የካቴተር ሰዓትዎ በፊት በሚያልቅበት መንገድ ይያዙ፣ ውሃዎን ግን ይጠጡ። ሁለቱ ስፖርቶች እኩል ከሆኑብዎት መጸዳጃው የሚመች ቦታ ያለውን ይምረጡ፤ በቁም ነገር ነው የምለው።

የጉዞው ወጪም ይታሰብ። የራይድ ሒሳብ ደርሶ መልስ ከሜዳ ኪራዩ ሊበልጥ ይችላል፤ የታጠፈ ዊልቸር ቪትዝ ኋላ ይገባል፣ የስፖርት ወንበር ግን ጎማው ካልተፈታ አይገባም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ውጭ ሜዳ መያዝ ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ጠዋት ይያዙ ወይም ክረምቱን ወደ ጠረጴዛ ቴኒስ ይዙሩ። እኔ ለብዙው ሰው የምመክረውም ይህን ቅያሪ ነው፤ በጋውን ሜዳ፣ ክረምቱን ጠረጴዛ።

ሳይታወቅ የማይታለፍ

ከሁሉ አስቀድሞ የቀዶ ሕክምና ሐኪምዎ አከርካሪዎ እንደጸና አረጋግጦ መጠማዘዝን ይፍቀድ። እስከዚያ ድረስ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የልደት ፊኛ በእጅ መምታት ይበቃል፤ የመቀመጥ ሚዛን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጉዳትዎ 6ኛው የደረት አከርካሪ አጥንት ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ አደጋ እርስዎም አብሮዎት የሚጫወተው ሰውም ማወቅ አለባችሁ። ፊኛ ሲሞላ፣ ካቴተር ሲታጠፍ፣ ቀበቶ ሲጠብቅ ወይም ቁስል ሲኖር የደም ግፊት በድንገት ይወጣል። ምልክቱ ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ ከጉዳቱ በላይ ላብ ነው። ጨዋታው ይቁም፤ ቀጥ ብለው ይቀመጡ እንጂ አይጋደሙ፣ ቀበቶና ልብስ ይላላ፣ ካቴተሩ ይታይ። ካልቀነሰ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። በዚህ ደረጃ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች ስለማያልብ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይሞቃል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢመስልም የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ቀልድ አይደለም። ጥላና ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ ይያዙ። የልብ ምትዎም እንደሌላው ሰው ስለማይጨምር በሰዓት አይለኩት፤ እያወሩ መጫወት ከቻሉ፣ ግን መዝፈን ካቃተዎት፣ መጠኑ ልክ ነው።

ቆዳን በተመለከተ የዕለት ትራስዎን ወደ ስፖርት ወንበሩም ይውሰዱት። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በክንድዎ ተደግፈው መቀመጫዎን ከወንበሩ ያንሱ ወይም ወደ ጎን ያዘንብሉ። ራኬት የታሰረበት እጅ ስሜት ከሌለው ፋሻውን በየጊዜው ፈተው መቅላቱን ይመልከቱ። ማታ መቀመጫዎን በመስታወት ይዩ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልጠፋ መቅላት ካለ እስኪጠፋ ልምምድ የለም።

ትከሻ የዊልቸር ተጠቃሚ እግር ነው። የሜዳ ቴኒስ ሰርቭ ክንድን ከራስ በላይ ስለሚያነሳ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከታች ወደ ላይ በሚመታ ሰርቭ ይጀምሩ። ከልምምድ በኋላ እስከ ማግሥቱ የሚዘልቅ የትከሻ ሕመም ካለ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሰርቩ፣ ቀጥሎ የግፊያው መጠን ነው። ሕመሙ ወደ አልጋ መሻገርን ካከበደብዎት ወደ ጠረጴዛ ይመለሱና ፊዚዮቴራፒስትዎን ያማክሩ። ወደ ሜዳ ሲመለሱም ከቀዩ ኳስ ነው።